አዋሽ ባሕር አይደርስም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ መስኖ የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጸሐፊው እንደለፉበት ያስታውቃል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለችኝ። አዋሽ ለም አፈራችንን ጠራርጎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ይከተዋል ትላለች።

አይከተውም። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከአፋር ጫፍ፣ ከጅቡቲ ጋር በምንዋሰንበት ቦታ፣ አቤ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ አለ። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ገብቶ ያልቃል። ከሐይቁ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ አይደርስም።

በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ምን አስጮኸህ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ባሕር ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ የጣለበትን ሁሉ ባሕር የሚወስድለት ይመስለዋል። አዋሽ ግን ጣጣውን የሚረከብለት ባሕር የለውም። ከአዲስ አበባ የወረደው ቆሻሻ፣ ከማሳ የታጠበው አፈር፣ ከመስኖ የተረፈው ጨው፣ ሁሉም እዚያው ሸለቆው ውስጥ ነው የሚቀረው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባልን አድገናል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ማደሪያውም እኛው ቤት ነው፤ ከጅቡቲ ጋር የምንጋራት አንድ ጥግ ብትኖር ነው።

ማን ስለሆንክ ነው ለሚለኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የውሃ ልኬት ቴክኒሻን ነኝ። ሥራችን ወንዝ ዳር የተተከለውን ባለ ቁጥር ዘንግ ማየት፣ የውሃውን ፍጥነት መለካት፣ በጠርሙስ ናሙና መቅዳት ነበር። ዘንጉን ስታፍ ጌጅ እንለዋለን። አጠገቡ የሚኖር ሰው ይቀጠርና ጠዋትና ማታ ቁጥሩን እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል። እኛ እየዞርን ደብተሩን እንሰበስባለን፣ ዘንጉ በጎርፍ ከተወሰደ መልሰን እንተክላለን። በክረምት ብዙ ጊዜ ይወሰዳል። የጎርፉን ከፍታ ዛፍ ላይ በቢላ ምልክት አድርጎ የሚጠብቀን አንድ ጎበዝ የዘንግ አንባቢ ነበረን። የእሱን ምልክት ከብዙ መሣሪያ በላይ አምነው ነበር። እንግዲህ ወንዙን በመጽሐፍ ሳይሆን በእግር ነው የማውቀው፤ ከላይ ከቆቃ ግድብ በፊት ካለው ሆምቦሌ፣ እስከ ታች አፋር ውስጥ እስካለው ዱብቲ ተመላልሼበታለሁ።

አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። በበጋ እዚያ ላይ ብታዩት ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ጅረት ነው። ከዚያ በቾ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ይወርዳል ማለት ይከብዳል እንጂ፣ ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስላል። በክረምት ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ይሞላዋል። ቤት ይከባል፣ ማሳ ያበላሻል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጥቁሩን አፈር እዚያ ያመጣውና ያስተኛው ይኸው ውሃ ነው። ታዲያ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ «ድንገተኛ ጎርፍ በበቾ» የሚል ዜና ሳነብ ይገርመኛል። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር እንዴት ነው ድንገተኛ የሚሆነው?

ከበቾ በታች መልካ ቁንጥሬ አለ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቡታጅራ የሚሄድ ሁሉ ድልድዩን ያውቀዋል። ቦታው የጥንት ሰው መኖሪያ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ያገኘውም ጌራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ ሃይድሮሎጂስት ነው። የኛ ሙያ ሰው ማለት ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ ከሱ በኋላ ናቸው የመጡት። ይህን ሳነሳ ትንሽ እኮራለሁ፤ ይፈቀድልኝ። ወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን አፈር ሲቆርጠው፣ እዚያ የነበረ ሰው ከባልጩት የጠረበው መሣሪያ ብቅ ይላል። መልካ ቁንጥሬና አጠገቡ ያለው ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

አሁን ወደ አቃቂ ልምጣ። ለአዲስ አበባ አንባቢዎቻችሁ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ይወርዳሉ። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ግድብ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ዛሬ ባጠገቡ ሲታለፍ አፍንጫ ይያዛል። የቆዳ ፋብሪካው ዝቃጭ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ሁሉ እዚያ ነው። ከዚያ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። የአዲስ አበባ ሰው ወንዙን አሻግሮ እያየ «ሄደልን» ይላል። የት ሄደ? በወንዙ ዳር ሰላጣና ቆስጣ በዚያው ውሃ ይለማና ተመልሶ ገበያ ይገባል። የተረፈው ቆቃ ይወርዳል። ከቆቃ በታች ደግሞ እኔ የምኖርባት አዳማ አለች። የምንጠጣውን ውሃ የምንቀዳው ከአዋሽ ነው። ይጣራል፣ አውቃለሁ፤ ማጣሪያ ጣቢያውንም አይቼዋለሁ። ማጣሪያ ግን ሁሉን አይችልም። እኛም ሻይ ስናፈላ የላይኛው ሰፈር ምን እንደጣለ ማሰባችን አልቀረም።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ያለቀው። ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ ነው የተሠራው። 43 ሜጋ ዋት ያመነጫል። መጀመሪያ ሲሞላ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዝ ነበር። ነበር ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሆምቦሌ ላይ የቀዳነውን ጠርሙስ መኪናው ላይ እንተወውና ማታ እናየዋለን። ከሥሩ ቡናማ ጭቃ ይተኛል። ላዩ እንኳ ገና አይጠራም። ነቅነቅ ስታደርገው እንደገና ይደፈርሳል። ያ የአንድ ጠርሙስ ጭቃ ነው። ወንዙ በዚያ ሰሞን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ነው የሚያወርደው። ቆቃ ሲደርስ ውሃው ይቆማል፣ ጭቃውም ቁጭ ይላል። ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ እንዲሁ ቁጭ እያለ ነው። ዛሬ ከመያዣው ትልቅ ድርሻ የያዘው ደለል ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እምቦጭ አለ። ስለ እምቦጭ ስትጽፉ ጣናን ብቻ ነው የምታነሱት፤ በአገራችን መጀመሪያ የታየው ግን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆቃ ላይ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ባሕር ገባ ያሉት አፈር ይህ ነው። ቆቃ ውስጥ ተኝቷል። ቆቃን ያለፈው ደግሞ ታች አፋር፣ አውሳ ሜዳ ላይ ተኝቷል። አንድ አካፋ እንኳ ባሕር አልገባም።

ወንጂን ቶሎ ልለፋት። ስኳር ፋብሪካውን ሆላንዶች ናቸው የጀመሩት፤ ምርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የወንጂ ልጅ ከሆንክ ጥርስህ ይናገራል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ነው ያደገው፤ አንዳንዱ አጥንቱ ሁሉ ተጎድቷል። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የመሬቱ ጠባይ ነው። የመሬቱን ጠባይ ሳያውቁ ጉድጓድ መቆፈር ግን የሰው ሥራ ነው።

አሁን ቆም የምልበት ቦታ ላይ ደረስኩ። መተሐራ።

ከአዳማ ወደ አዋሽ ሰባት ስትነዱ፣ መተሐራ ልትገቡ ስትሉ፣ መሬቱ ጥቁር ይሆናል። ሹል ሹል የቀለጠ ድንጋይ ነው። ፊት ለፊት ፈንታሌ ተራራ ይታያል፤ ቁመቱ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ከዛሬ 200 ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ተፍቷል። መንገዱ ዳር ደግሞ በሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ኩሬ ነበር ነው የሚሉት። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአገራችን ሐይቆች ሲደርቁ ነው የለመድነው። ሐሮማያ ደርቆ ነበር፤ አቢያታ እየሸሸ ነው። ይሄ ግን እያበጠ ነው። አስፋልቱን ደጋግመው ከፍ አድርገውታል። ባቡር ሐዲዱንም አስጨንቆታል። የግጦሽ መሬትና የሰው ቤት ውጧል። ከዳሩ ቆማችሁ ስታዩ፣ ከሐይቁ ውስጥ የደረቁ የግራር ግንዶች ቆመው ታያላችሁ። ማንም ውሃ ውስጥ ግራር አይተክልም። የብስ ነበር ማለት ነው።

ውሃውን ነክቼዋለሁ። ጣት ላይ ያንሸራትታል፤ ሶዳ ነው። ዳሩ ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ለመጠጥ አይሆንም፣ ለመስኖ አይሆንም። ለምን ሰፋ ብትሉ ባለሙያዎቹ በአንድ ቃል አይናገሩም። ግማሹ ከሸንኮራ አገዳው መስኖ የሚሰርገው ውሃ ነው ይላል። ግማሹ ከመሬት ሥር የሚመጣው ፍል ውሃ ጨምሯል፣ መሬቱም እየተሰነጠቀ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። መስኖው ሳይስፋፋ ሐይቁም ትንሽ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሐይቁ ከተማዋን እንዳይውጥ ተፈርቶ ቦይ ተቆፈረ። በሰቃ በልክ እየተለቀቀ ከአዋሽ ጋር እንዲቀላቀል ተደረገ። በልክ የተባለው፣ ብዙ ከገባ ከታች ያለውን እርሻ ሁሉ ስለሚያቃጥል ነው። መሐንዲሶቹን አልወቅሳቸውም፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው? ነገር ግን ይህ ጨው ከመተሐራ ተነሳ እንጂ አልጠፋም። ከታች ወዳሉት የአፋር እርሻዎች፣ ወደ አሚባራ፣ ወደ ገዋኔ፣ ወደ ዱብቲ ተላከ። የሚልከው ሰውና የሚቀበለው ሰው አይተዋወቁም።

ጨውን በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ሸለቆ ዋናው ነገር እሱ ነው። የትኛውም የወንዝ ውሃ ትንሽ ጨው አለው። ቀምሰን አንለየውም። ድስት ጥደን ውሃውን ብናተነው ግን ከሥሩ የሚቀረውን እናየዋለን። ታችኛው አዋሽ ያ ድስት ነው። ላይ በደጋው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ታች አሳይታ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐዩ የሚያተነው ደግሞ ከሚዘንበው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ውሃው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ቢሆን በየዓመቱ ይታጠብ ነበር። አዋሽ ግን መታጠቢያ የለውም።

አሚባራ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መልካ ሰዲና መልካ ወረር የጥጥ አገር ነበሩ። መስኖው ሲገባ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ አብሮ አልተሠራም። ጥጡ ውሃውን ጠጣ፣ ጨው ተወ። የመሬት ሥር ውሃው ከዓመት ዓመት ከፍ አለ። በመጨረሻ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ጥጡ መጀመሪያ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ይቃጠላል፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ዘለላ ዘለላ እየሆነ ባዶ ቦታ ይበዛል። በሺህ የሚቆጠር ሄክታር በዚህ ምክንያት ተጥሏል። በተጣለው መሬት ላይ ፕሮሶፒስ ገባበት። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነው የመጣው። ፍየሎቹ ፍሬውን ይበሉና በየሄዱበት ይዘሩታል። ዛሬ መካከለኛው አዋሽ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ወንዙን ማየት የማይቻልበት ቦታ አለ። ዛፉ ሸፍኖታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ይህ ወንዝ ዳር ባዶ መሬት አልነበረም። ከረዩዎችና አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱበት ሣር ነበር። ክረምት ከብቱን ወደ ሜዳው ወስዶ፣ በጋ ወደ ወንዙ መመለስ ነው ኑሯቸው። የአገዳውና የጥጡ እርሻ የያዘው ያንን የበጋ ሣር ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ከዚያው ላይ ነው የተከለለው። ሳላው ፈንታሌ ሥር ሲሮጥ ማየት ደስ ይላል፤ ፏፏቴውም፣ ፍልውሃውም፣ የፍልውሃው ዳር ዘንባባም ያምራል። ግን ድርቅ ሲመጣ ለምን ከብት ፓርክ ውስጥ ገባ ብላችሁ ስትጽፉ ይህንን ጨምሩበት።

ስለ ፈንታሌ ካነሳን መሬት መንቀጥቀጡን አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን ተራራ መካከል መሬቱ ሳያቋርጥ ተንቀጠቀጠ። ትልቁ ወደ 6 ደረሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉ ዘመዶቼ ሌሊት እየደወሉ «አሁንም ተሰማህ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ያስጨነቀኝ የከሰም ግድብ ነበር፤ ለቦታው ቅርብ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ ከወንዙ ታሪክ የተለየ አይደለም። አዋሽ የሚሄድበት ሸለቆ መሬቱ ግራና ቀኝ እየተሳበ መሃሉ የሰመጠበት ነው። መሬቱ ባይሰምጥ ኖሮ ከደጋው የተነሳ ውሃ ወደዚህ በረሃ ምን ሊሠራ ይመጣል? የባሕሩን መንገድ የዘጋበትም ይኸው ነው። አፋር ላይ መሬቱ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወርዷል። አቤ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ውሃው ተሻግሮ እንዳይሄድ በዙሪያው ያለው ተራራ ይይዘዋል።

ይህ የመያዝ ጠባዩ መጥፎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚሌ ወረዳ ሐዳር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ድንቅነሽ (ሉሲ) የተገኘችው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይ የተገኘችው አርዲ የምትባለው አጽም ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት። ከሐዳር አጠገብ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ናቸው። ለምን ሁሉም አዋሽ ላይ ሆነ? መሬቱ እየሰመጠ፣ ወንዝና ሐይቅ ጭቃውን እያመጣ እየሸፈነ ስለኖረ ነው። አጥንቱን ባሕር አልወሰደውም። ጭቃው አቅፎ አቆየው። ኋላ መሬቱ ሲሸረሸር ብቅ አለ። ታችኛው የአዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ድንቅነሽን ያቆየልን ጠባይ ነው እንግዲህ ዛሬ የኛን ፕላስቲክና የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም የሚያስቀምጠው።

ከሐዳር በታች ሚሌና ሎጊያ የወሎን ደጋ ውሃ ይዘው ይገቡበታል። የአፋር ጎርፍ የአዋሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሎጊያ ከተማ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ወሎ ላይ ማታ የዘነበው ጠዋት ደርሶ ድልድዩን ሲያንቀጠቅጠው አይቻለሁ። ተንዳሆ ግድብም እዚያው አካባቢ ነው። ዱብቲ፣ ከዚያ አሳይታ።

አሳይታ ከገደል አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ታች ስታዩ አረንጓዴ ነው። አዋሽ አውሳ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይበታተናል፤ ክንዱ ይበዛል። የአውሳ ሱልጣኔት ለዘመናት የቆመው በዚህ ውሃ ነው። በቆሎው፣ ቴምሩ፣ ከብቱ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ከዚያ ገማሪና አፋምቦ ሐይቆች ይመጣሉ። እነሱ ጨዋማ አይደሉም፤ ውሃው ገብቶ ስለሚወጣ። ዓሣ አላቸው፣ ጉማሬና አዞ አላቸው። የመጨረሻው አቤ ነው። ከሱ የሚወጣ የለም። ስለዚህ እሱ ብቻ ጨዋማ ነው። ከገማሪና ከአፋምቦ ተነስቶ አቤ ድረስ የሄደ ሰው ከኔ ደብዳቤ ይልቅ ውሃውን በምላሱ ቢቀምስ ይረዳዋል።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ አቤ ድረስ ሄዶ ነበር። የወንዙን መጨረሻ አገኘ ተብሎ ተጽፎለታል። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ስለሆነ አልቀየምበትም። ግን አፋሮቹ ግመል እየነዱ ሲመላለሱበት የኖሩት ቦታ ነው። «ተገኘ» የሚባለው ለማን እንደሆነ አንዳንዴ መጠየቅ አይከፋም።

አቤ ዳር ከመሬት የበቀሉ ሾጣጣ የኖራ ድንጋዮች አሉ። አንዳንዱ 50 ሜትር ይደርሳል። ፍል ውሃ ከሐይቁ ሥር እየወጣ የሠራቸው ናቸው። እንግዲህ ሲሠሩ ውሃ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ነው የቆሙት። ሐይቁ በጣም ሸሽቷል። ላይ በየግድቡና በየእርሻው የሚቀረው ውሃ ሲበዛ፣ ታች የሚደርሰው እያነሰ ሄደ። የሚደርሰው ደግሞ የበለጠ ጨው ይዞ ነው የሚደርሰው። ፍላሚንጎዎቹ እስካሁን አሉ፤ በሶዳው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አልጌ ምግባቸው ነው። ለአፋር ከብት ግን አይሆንም።

ጸሐፊው «ውሃው በከንቱ ይፈስሳል» ያሉትንም በዚህ ዓይን እዩልኝ። ታች የሚወርደው እያንዳንዱ ሊትር የሚጠብቀው ሰው አለ። ገማሪ ካልሞላ የአፋምቦ ዓሣ አስጋሪ ምን ይበላል? አውሳ ላይ ክረምት ጎርፉ ካልመጣ ሣር የለም፤ ከመጠን በላይ ከመጣ ደግሞ ቤት የለም። ላይ ሆኖ ግድቡን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው በስልክ እንኳ ታች ያለውን አያውቀውም። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ከላይ የተለቀቀ ውሃ ታች እስኪደርስ ቀናት እንደሚፈጅበት እናውቅ ነበር። ቀናት ማለት ከብት ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ነው። የሚናገር ከተገኘ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን፤ በትንሽ ፊደል በመጨረሻው ገጽም ቢሆን ግድ የለኝም። ካርታም ጨምሩበት፤ ከጊንጪ እስከ አቤ በአንድ ገጽ። እናንተ አዋሽን ቆራርጣችሁ ነው የምትጽፉት። አቃቂ ሲሸት በከተማ ዓምድ፣ በሰቃ ሲሰፋ በኢኮኖሚ፣ ድንቅነሽ በቱሪዝም፣ ጎርፉ በዜና። አንባቢው አራት ወንዝ ያለ ነው የሚመስለው። ሌላው፣ ክረምት ስለ አፋር ጎርፍ ስትጽፉ የሪፖርተራችሁ ስልክ ዱብቲ ብቻ አይደውል። በዚያ ሳምንት ከቆቃ፣ ከከሰምና ከተንዳሆ ምን ያህል እንደተለቀቀ ይጠይቅ። ወሎ ላይ ምን ያህል እንደዘነበም ይጠይቅ። ቁጥሩ አለ፤ የሚመዘግበው ሰው ጠዋትና ማታ እየጻፈው ነው።

ጸሐፊውን ላስቀይማቸው አልፈለግሁም። ጽሑፋቸው ላይ ስለ ጠብታ መስኖ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ጊዜ ካገኙ ግን አቤን ሄደው ይዩት። በጥር ወይም በየካቲት ይሁን፤ በሰኔ አይሞከርም፣ ሙቀቱ ከ40 በላይ ነው። አሳይታ ድረስ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ አካባቢው ሰው አይንቀሳቀሱ፤ መንገዱ ጎርፉ በመጣ ቁጥር ይቀየራል። የሚጠጡትንም ውሃ ከአሳይታ ይዘው ይውረዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የውሃ ልኬት ቴክኒሻን
ከአዳማ